ወርቅ ጎርፍ ባለፈበት ይተኛል፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ ስለ ወርቅ ፍለጋና ስለ ወንዝ ዳር ጥንቃቄ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በአቅራቢው የታረመ)



የዛሬውን ርእስ የመረጥሁት እኔ አይደለሁም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከመስክ ጉዞ በተመለስን ቁጥር ተማሪዎች በየግላቸው እየመጡ የጠየቁኝ ጥያቄ ተጠራቅሞ ርእስ ሆነ። ጥያቄው ቀላል ነው፦ «በዕረፍት ቀናችን ገበቴና አካፋ ይዘን በከተማው ዙሪያ ወዳሉት ወንዞች ብንወርድ ወርቅ እናገኛለን ወይ?» ከየት እንደመጣም ግልጽ ነው። በእጅ ስልካችን ላይ የአሜሪካና የአውስትራሊያ ሰዎች ወንዝ ዳር ተቀምጠው አሸዋ ሲያጥቡና ቢጫ ቅንጣት ሲለቅሙ እናያለን። በኒው ዚላንድ መንግሥት ለሕዝብ መዝናኛ ብሎ የከለላቸው የወርቅ ማጠቢያ ወንዞች አሉ፤ በአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት ደግሞ ተራው ዜጋ በአነስተኛ ክፍያ ፈቃድ አውጥቶ መፈለግ ይችላል። በዚያ አገር ነገሩ እንደ ዓሣ ማጥመድ ያለ የዕረፍት ቀን ጨዋታ ነው። በእኛ አገር ወርቅ ማጠብ ጨዋታ ሆኖ አያውቅም፤ እንጀራ ነው። ይህን ልዩነት ኋላ እመለስበታለሁ።

መልሱን አስቀድሜ ልናገርና እንገላገል፦ ወርቅ አታገኙም። ቢሆንም ወደ ወንዝ አትውረዱ ልላችሁ አልመጣሁም። አሸዋ ማጠብ ከማውቃቸው የጂኦሎጂ ማስተማሪያ መንገዶች ሁሉ ርካሹና ምናልባትም የተሻለው ነው። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ወርቅ የት እንደሚቀመጥ የሚያስተምረን ዕውቀትና ሰው የት መቀመጥ እንደሌለበት የሚያስተምረን ዕውቀት አንድ ናቸው። የመጀመሪያውን ተምሮ ሁለተኛውን የሚተው ሰው ትምህርቱን በግማሽ ጥሎታል፤ የጣለው ግማሽ ደግሞ ሕይወቱን የሚያድነው ነው።

ወርቁ ለምን እንደሌለ ልጀምር። በአገራችን የታወቀው ወርቅ በአብዛኛው የሚገኘው ከግማሽ ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ባላቸው፣ ቅድመ ካምብሪያን በምንላቸው የመሠረት አለቶች ውስጥ ነው። እነዚህ አለቶች በመሬት ገጽ ላይ የሚታዩት በዳር በዳር ነው፦ በደቡብ በአዶላና በሻኪሶ፣ በምዕራብ በወለጋና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በደቡብ ምዕራብ በአኮቦ ተፋሰስ፣ በሰሜን በትግራይ። መሐሉ አገር ግን ተሸፍኗል። በመጀመሪያ የጥንት ባሕር ያስቀመጣቸው የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ንጣፎች አለበሱት፤ ከዚያም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ቅልጥ አለት በላዩ ላይ ተደራረበ። እንጦጦ፣ ወጨጫ፣ ፉሪ፣ የረር ሁሉም የእሳተ ገሞራ ልጆች ናቸው። የሰበታ ወንዝም ሆነ ትንሹ አቃቂ የሚሸረሽሩት ይህንኑ የገሞራ አለት ነው። ወንዝ ደግሞ የሌለውን አያመጣም፤ ከበላዩ ካለው አለት የፈለፈለውን ብቻ ነው የሚያወርደው።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ ተማሪ «የእሳተ ገሞራ አለትስ ወርቅ አይኖረውም ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። ይኖረዋል። ፍል ውኃ በአለት ስንጥቅ እየተዘዋወረ ወርቅ የሚያስቀምጥባቸው የገሞራ አካባቢዎች በዓለም ላይ አሉ፤ በአገራችንም በአፋር እንዲህ ያለ የወርቅ ምልክት ተፈልጎ ተገኝቷል። ስለዚህ «ገሞራ ነውና ወርቅ የለም» ማለት ሳይንስ አይደለም። ትክክለኛው አነጋገር፣ በእነዚህ ሦስት ከተሞች ዙሪያ በገበቴ ታጥቦ ዓይን የሚሞላ የደለል ወርቅ የሚያስገኝ ምንጭ አይታወቅም የሚለው ነው።

ስምም ያሳስታል። ብዙዎቻችሁ አፋን ኦሮሞ ስለምታውቁ «ለገ» ወንዝ ማለት መሆኑን ልነግራችሁ አይገባም። በጉጂ ያለው ለገ ደምቢ የአገራችን ስመ ጥር የወርቅ ማዕድን ነው፤ በእኛ ምሥራቅ ያለው ለገ ዳዲ አዲስ አበባ የምትጠጣው ውኃ ነው። ሁለቱ የሚጋሩት ስም እንጂ አለት አይደለም።

እንግዲህ በገበቴያችሁ ውስጥ ምን ታገኛላችሁ? ከሁሉ በፊት ጥቁር አሸዋ ታገኛላችሁ። አብዛኛው ማግኔታይት ነው፤ ማግኔት በወረቀት ጠቅልላችሁ ብታስጠጉት ተከትሎ ይነሣል። ሚካም ሊያጋጥማችሁ ይችላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው በወርቅ ቀለም ያብረቀርቃልና ጀማሪውን ሁሉ ያስጮኻል። መለያው ቀላል ነው። ሚካ ቅጠል ነው፤ ገበቴው ሲወዛወዝ ከውኃው ጋር ይንሳፈፋል፣ በመርፌ ሲነካ ይሰነጠቃል። ፓይራይት የሚባለው የብረትና የድኝ ውሕድ ደግሞ በመዶሻ ሲመታ ይደቅቃል። ወርቅ ከገበቴው ሥር ተኝቶ አልንቀሳቀስም ይላል፤ ሲመታ ይለጠጣል እንጂ አይሰበርም፤ በጥላ ሥርም ሆነ በፀሐይ ቀለሙን አይለውጥም። ባልጩትም ታገኙ ይሆናል። ከሰበታ ዓለም ገና በቡታጅራ መንገድ ወደ አዋሽ ስትወርዱ ያለው መልካ ቁንጥሬ ከባልጪት ጋር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጥንት ሰዎች እዚያ ባስቀሩት የድንጋይ መሣሪያና ቅሪት ምክንያት ነው። ስለዚህ ተጠርቦ የተሠራ የሚመስል ባልጩት ብታዩ አታንሡት፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይመለከተዋል፤ ከቦታው የተነሣ ቅርስ ደግሞ ለሳይንስ ያለውን ዋጋ አብዛኛውን አጥቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ወርቅ ከውኃ 19 እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ተራው አሸዋ የሚከብደው ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። በበጋ በድንጋይ መካከል ስትሽሎከሎክ የምታዩዋት ቀጭን ውኃ የረባ የወርቅ ቅንጣት ከቦታው አታነቃንቅም። ወርቅ የሚጓዘው ወንዙ ሲሞላ፣ ድንጋይ ሲያንከባልል፣ አፈር ሲግጥ ብቻ ነው። የሚያርፈውም የጎርፉ ጉልበት በድንገት በሚላላበት ስፍራ ነው፦ በወንዙ መታጠፊያ በውስጠኛው በኩል፣ ከትልቅ ቋጥኝ ኋላ፣ በወንዙ ወለል አለት ስንጥቅ ውስጥ፣ ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት፣ ከፏፏቴ በታች። የአዶላም ሆነ የአሶሳ ወርቅ አጣቢ ይህን በመጽሐፍ አልተማረውም፤ ግን ከእኔ የተሻለ ያውቀዋል።

ይህንን ዝርዝር አንድ ጊዜ ደግማችሁ አስቡት። የወንዙ መታጠፊያ፣ ከቋጥኙ ኋላ፣ የወንዙ ወለል፣ የወንዞች መገናኛ፣ የፏፏቴ ሥር። ወርቅ ፈላጊ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ለላይኛው ተፋሰስ ሰጥቶ ለሰዓታት የሚቀመጥባቸው ስፍራዎች እነዚህ ናቸው። እያንዳንዳቸው ደግሞ ጎርፍ ራሱ የሠራቸው፣ ተመልሶም የሚመጣባቸው ናቸው። ወርቅ አለበት ተብሎ የሚጠረጠር አሸዋ ጎርፍ እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር የሚል ምስክር ነው። ለዚህ ነው የመስክ ተማሪዎቼን ቦታ ከማስመረጤ በፊት «ወዴት ትወጣላችሁ?» ብዬ የምጠይቃቸው። በ30 ሰከንድ ውስጥ በሁለት እግር ሊወጡት የሚችሉት ዳገት የሌለው ስፍራ፣ ወርቅ ቢሞላበት እንኳ፣ የሥራ ቦታ አይሆንም።

የጎርፍን ጉልበት ሰው በዓይኑ ይገምታል፤ ግምቱ ግን ሁልጊዜ ያንሳል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ቶን ይመዝናል። የውኃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በእግራችሁ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ ዘጠኝ እጥፍ ነው። ስለዚህ ጧት በቁርጭምጭሚት ተሻግራችሁ የሄዳችሁበት መሻገሪያ ማታ ጉልበት ላይ ቢደርስ «ትንሽ ጨምሯል» አትበሉ። በፍጥነት የሚፈስ ውኃ አንድ ስንዝር እንኳ ሳይሞላ የቆመን ሰው ሊጥል ይችላል። አባቶቻችን ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ይህንኑ ነው፤ ቀመሩን ባይጽፉትም።

ከከፉት የአገራችን ምሳሌዎች አንዱ ድሬዳዋ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ከተማዋን መታ፤ ከ250 የሚበልጡ ወገኖቻችን ሞቱ። ደቻቱን በበጋ ያየ ሰው የሚያስታውሰው ደረቅ የአሸዋ ሜዳ ነው፤ ሰው ይነግድበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ለወርቅ አጣቢ ዓይንም የሚያምር የደለል ቦታ ነው። ውኃው የመጣው ግን ከበላይ ካለው የሐረርጌ ደጋ ነው። ዝናቡ በራስህ ላይ ባይዘንብም ጎርፉ ወደ አንተ ይመጣል፤ የደራሽ ውኃ ጠባይ በአጭሩ ይኸው ነው።

ይህ ጠባይ በሦስቱ ከተሞቻችን ዙሪያ ምን እንደሚመስል እንመልከት። የእንጦጦ ሸንተረር የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች ወሰን ነው። ከሸንተረሩ ሰሜን በሱሉልታ ሜዳ የሚሰበሰበው ውኃ በሲቢሉ በኩል ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ ይሄዳል። ከደቡቡ ተዳፋት የሚወርደው ወደ አዋሽ ነው፤ በቡራዩ በኩል ገፈርሳን ሞልቶ የሚያልፈው የትንሹ አቃቂ ራስጌ ነው፤ ሰበታ የወጨጫን ጎን ይዞ በቀጥታ ወደ አዋሽ ሜዳ ይወርዳል። ሁሉም አጭርና ቁልቁለታም ናቸው። አጭር ወንዝ የማስጠንቀቂያ ጊዜ የለውም፤ በወጨጫ ወይም በመናገሻ ራስ ላይ የጣለው ዝናብ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከእናንተ ዘንድ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ላይ ከተሞቹ እየሰፉ ነው። ዛሬ ሦስቱም በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው፤ ትናንት የግጦሽና የገብስ መሬት የነበረው ዛሬ ቆርቆሮና አስፋልት ለብሷል። አፈር ይጠጣው የነበረውን ዝናብ ቆርቆሮ አይጠጣም። ስለዚህ አረጋውያን «ይህ ወንዝ ከዚህ ድንጋይ በላይ አይሞላም» ቢሏችሁ፣ ስለ ትናንቱ ወንዝ እውነታቸውን ነው፤ የዛሬው ግን ሌላ ወንዝ ነው።

የሰዓትና የወቅት ጉዳይ አለ። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ወደ ጠባብ ሸለቆ ለመዝናኛ መውረድ አይገባም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ሰው የሚሳሳተው በበልግ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሰማዩ ጧት ጥርት ብሎ ይውላል፣ ወንዙም ቀጭን ነው፤ ደመናው የሚሰበሰበው ከቀትር በኋላ ነው፣ የሚጥለውም አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በበልግ የሚወርድ ሰው ጎሕ ሲቀድ ይውረድ፤ 6 ሰዓት ላይ ከወንዙ ወለል ይውጣ። ምልክቶቹንም ማወቅ ያስፈልጋል። ጥርት ያለው ውኃ በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ መንሳፈፍ ከጀመረ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ ከመጣ፣ ከላይ በኩል የከባድ መኪና የሚመስል ጉርምርምታ ከተሰማ፣ መመርመርና ማረጋገጥ የለም፤ ወደ ጎን ወደ ዳገቱ መውጣት ነው። ወደ ታች የሚሮጥ ሰው ከጎርፉ ጋር እሽቅድምድም ገብቷል። ለቦርሳ፣ ለስልክ፣ ለገበቴ መመለስም የለም።

መሻገር ግድ ከሆነ የአገሩ ሰው የሚሻገርበትን መሻገሪያ ጠይቁ። ረጅም በትር ያዙ፣ ፊታችሁን ወደ ውኃው መምጫ አዙሩ፣ አንድ እግር ሳይደላደል ሌላውን አታንሡ፤ የጀርባ ቦርሳችሁን የወገብ ማሰሪያ ፍቱ፣ ብትወድቁ ወዲያው እንድትጥሉት። ገመድ በወገባችሁ አትሰሩ። ይህ ለብዙዎች እንግዳ ነው፤ ነገር ግን በወገቡ ታስሮ በወራጅ ውኃ የወደቀን ሰው ገመዱ ራሱ ወደ ሥር ይዞት ይገባል። ውኃ ከወሰዳችሁ ደግሞ ለመቆም አትታገሉ፤ በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ እግራችሁ ወደ ፊት ይቅደም፣ ቀስ በቀስ ወደ ዳር ቅዘፉ። ከዳር ያለ ጓደኛ ዘሎ አይገባም። በትር፣ ገመድ፣ ተጠማዞ የተያያዘ ነጠላ ይወርውር። በዋና የሚመካ ጎበዝ ይህን ሲሰማ ይከፋዋል፤ ይክፋው።

ከሱሉልታ ወደ ሰሜን፣ በጫንጮና በደርባ በኩል ወደ ሙገር ሸለቆ ለሚወርዱ ሁለት ነገር ልጨምር። ሸለቆው ለተማሪ ዓይን ድንቅ መጽሐፍ ነው፤ ከላይ ገሞራውን፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋዩን ንጣፍ በንጣፍ ያነብባል። የአካባቢው እውነተኛ ሀብትም ይኸው የኖራ ድንጋይ ነው፤ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቹ እዚያ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። አደጋው ግን የተገለበጠ ተራራ መሆኑ ነው። ተራራ ስትወጡ ድካሙ መጀመሪያ ይመጣል፣ ሲደክማችሁ ትመለሳላችሁ። ሸለቆ ስትወርዱ በጧት ቅዝቃዜ፣ በጉልበት፣ በሳቅ ትወርዳላችሁ፤ ዳገቱ የሚመጣው በቀትር፣ ውኃው ካለቀ በኋላ ነው። በየ1,000 ሜትር ቁልቁለት ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ከያዛችሁት ውኃ ከግማሽ በላይ ለመመለሻ አስቀምጡ። በታችኛው ሸለቆ ወባ አለ፤ በዝግታ በሚፈስ ውኃ ውስጥ ለረጅም ሰዓት መቆም ለቢልሃርዝያም ያጋልጣል። የስልክ ኔትወርክ በሸለቆ ውስጥ አትጠብቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩን ማወቅ ብቻ አይጠቅምም፤ ከመውረዳችሁ በፊት ወዴት እንደሄዳችሁና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ የሚያውቅ፣ በዚያ ሰዓት ካልደወላችሁ የሚነሣ አንድ ሰው ከላይ ሊኖር ይገባል። የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታም ከዚያው ከቀበሌው ጠይቃችሁ ውረዱ። ሌላው ደግሞ ብርድ ነው። ሱሉልታ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥልባታል። የራሰ ጋቢ አያሞቅም፤ ሰውነትን እየሳበ ያቀዘቅዛል። ደረቅ ልብስ በላስቲክ ጠቅልሎ መያዝ ከአካፋ ይቀድማል።

ይህ ሁሉ የአዲስ ዘመን ሰው ፍርሃት እንዳይመስላችሁ አንድ ጥንታዊ ምስክር ልጥራ። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ነጋዴና መነኩሴ ኮስማስ ኢንዲኮፕሌውስቴስ የአክሱም ንጉሥ በአገው አገር ገዥ አማካይነት ነጋዴዎችን ሳሱ ወደሚባል የወርቅ አገር ይልክ እንደነበር ጽፏል። ከ500 በላይ ሆነው በአንድነት ይጓዛሉ፤ በሬ፣ ጨውና ብረት ይወስዳሉ፤ በእሾህ በታጠረ ስፍራ ሰፍረው ዕቃቸውን ያኖራሉ፤ የአገሩ ሰው መጥቶ ወርቅ በላዩ ያስቀምጣል፤ ያለ ንግግር ይገበያያሉ። ይህንን ድምፅ አልባ ገበያ የታሪክ ተማሪዎች ሁሉ ያውቁታል። ብዙዎች የሚዘልሉት ግን የጉዞው ጊዜ ነው። መሄጃውና መመለሻው ስድስት ወር ይፈጃል፤ ሲመለሱ ይፈጥናሉ፤ ምክንያቱም ክረምት ከደረሰ ወንዞቹ ሞልተው መንገዱን ይዘጉባቸዋል። እነዚያ ነጋዴዎች ወርቅ ይዘው ነበር፤ የፈሩት ወንበዴንም ነበር፤ የቀን መቁጠሪያቸውን ያዘጋጀላቸው ግን ወንዝ ነው።

ከወንዝ ወደ ጉድጓድ ልለፍ። በእነዚህ ከተሞች ዙሪያ የወርቅ ጉድጓድ የለም፤ የድንጋይ ካባ ግን ሞልቷል። ለግንባታ ድንጋይና ገረጋንቲ ተቆፍሮ የተተወ ጉድጓድ በክረምት ውኃ ይይዛል፤ ወለሉ እኩል አይደለም፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፣ የገባ ሰው መውጫ አያገኝም። በየክረምቱ እንዲህ ባለ ኩሬ ሊዋኙ ገብተው የሚቀሩ ልጆች ዜና እንሰማለን፤ ለእኔ በከተማችን ዙሪያ ካለው የውኃ አደጋ ሁሉ በቀላሉ ሊቀር የሚችለው ይህ ስለሆነ ይበልጥ ያሳዝነኛል። አጥር ነው የሚያስፈልገው። አንድ ኪዳን ያልተፈጸመ ነገር አለ፤ የቆፈረ ጉድጓዱን ሊደፍን ይገባል።

ወደ እውነተኛው የወርቅ አገር በዕረፍት ጊዜያችሁ የምትሄዱ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሥራ ያጣ ምሩቅ ወደ ሻኪሶ ወይም ወደ አሶሳ መሄዱን እኔ በዚህ መድረክ ላይ ቆሜ አልነቅፍም። ግን ጉድጓድ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ይህን ስሙ። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ተኩል ቶን በላይ ይመዝናል፤ እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ፊቱ ውጭ ሆኖ እንኳ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። ከቁመታችሁ የጠለቀ፣ እንጨት ያልተደገፈ፣ በተለይም ዝናብ የጠጣ ጉድጓድ ውስጥ አትግቡ። በጠለቀ ጉድጓድ አየሩም ይበላሻል፤ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ የገባው ሰው ዝም ይላል። ሊያወጣው የሚከተለውም ዝም ይላል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን መሬት ሲንሸራተት የሆነውን ታስታውሳላችሁ፤ ከሞቱት ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት የደረሱ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ ያገኛቸው ጎረቤቶቻቸውን ሲቆፍሩ ነው። ያ የወርቅ ቦታ አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን ለጉድጓድም ይሠራል። ለወገን መድረስ ባህላችን ነው፤ የሚደርሰው ሰው ግን መጀመሪያ ቀና ብሎ ገደሉን ይመልከት።

ስለ ባዜቃ፣ ማለትም ስለ ሜርኩሪ፣ አጭር ቃል። በአንዳንድ አካባቢ የወርቁን ዱቄት ለማያያዝ እየገባ ነው። ባዜቃ ከወርቅ ጋር ተለውሶ በእሳት ሲሞቅ ይተንናል፤ የሚተነፍሰው ነርቩን ያጣል፣ በጽንስ ያለ ልጅም ይጎዳል። በማብሰያ ዕቃ፣ በመኖሪያ ቤት ውስጥ የሚያነድዱ አሉ። በገበቴና በትዕግሥት የሚሠራ ሰው አያስፈልገውም።

ሕጉስ ምን ይላል? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባህላዊ የማዕድን ማምረትን በፈቃድ የሚካሄድ፣ ለኢትዮጵያውያን የተተወ ሥራ አድርጎታል። በኒው ዚላንድ እንዳለው ያለ «የመዝናኛ ወርቅ ፍለጋ» የሚባል ክፍል ግን አላውቅለትም። ስለዚህ የእኛ ተማሪ ወደ ወንዝ ሲወርድ ከትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ይዞ፣ ቀበሌውን አሳውቆ፣ ባለ መሬቱን ገበሬ አስፈቅዶ ነው። ገበሬው «ምን ትቆፍራላችሁ?» ብሎ ቢቆጣ እውነት አለው፤ የወንዙ ዳር ለእሱ አትክልቱ፣ ከብቱ የሚጠጣበት፣ አንዳንዴም የአባቶቹ ማረፊያ ነው። የቆፈራችሁትን መልሳችሁ ድፈኑ።

ወደ ጀመርሁት ልዩነት ልመለስ፤ ጨዋታና እንጀራ። በቤኒሻንጉል ወንዞች ዳር ጎንበስ ብለው ገበቴ የሚያወዛውዙት ብዙዎቹ እናቶች ናቸው፤ ለእነርሱ «ዛሬ ደመና አለ፣ እንቅር» ማለት እራት መቅረት ነው። እኛ ግን መቅረት እንችላለን። አደጋውን ሳንገደድ የምንገባበት እኛ ነንና ጥንቃቄ መጉደሉ በእኛ ላይ ይበልጥ ያሳፍራል። ደግሞም እስካሁን ከተናገርሁት ውስጥ ብዙው ከእነዚያ ሴቶች ዕውቀት ጋር አንድ ነው። የትምህርት ክፍላችን የወርቅ ጥናቶች ስለ አለቱ እንጂ ስለ አጣቢዎቹ የወንዝ ዕውቀት ብዙም አይናገሩም። ለሁለተኛ ዲግሪ ርእስ የሚፈልግ ተማሪ ካለ፣ የወርቅ አጣቢዎች የጎርፍ ምልክት አነባበብ ቢመዘገብ እኔ ለማማከር ዝግጁ ነኝ።

በመጨረሻ ስለ መስክ ጉዞው። በኅዳር ሁለተኛው ቅዳሜ ወደ ሰበታ ወንዝ ራስጌ፣ ከወጨጫ ግርጌ፣ ከፋብሪካዎቹ በላይ እንሄዳለን። ከፋብሪካዎቹ በታች ባለው ውኃ እጅ አንነክርም። ከጧቱ 1 ሰዓት ከግቢው በር እንነሣለን፣ 6 ሰዓት ላይ ከውኃው እንወጣለን። ገበቴ ከትምህርት ክፍሉ ይሰጣል፤ ማግኔት፣ በትርና ደረቅ ልብስ የየራሳችሁ ነው። ስምና የቤተሰብ ስልክ ቁጥር እስከ ሐሙስ ድረስ በጽሕፈት ቤቱ ያላስመዘገበ አይሳፈርም። የምናጥበው ጥቁር አሸዋ ተመዝኖ ለላቦራቶሪው ይገባል፤ ለማዕድን መለያ ትምህርት ያስፈልገናል። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ፤ እዚያ ከኋላ እጅ አይቻለሁ።